ዓለምን የለኩ እጆች

በዐሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በቬኒስ አጠገብ ባለች በአንዲት ደሴት ገዳም ተቀምጦ ታላቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ክብ ካርታ በ1459 ገደማ እንደ ተጠናቀቀ ይታመናል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነኩሴው ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም። ይሁን እንጂ የአባይና የአዋሽ ስሞች፣ አጠራራቸው ጥቂት ተጣሞም ቢሆን፣ ከአውራጃዎችና ከተራሮች ስሞች ጋር በካርታው ላይ ሰፍረው ይነበባሉ። ፍራ ማውሮ ምንጩን አልደበቀም። አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ሥለው ያሳዩት የዚያው አገር ተወላጅ የሆኑ መነኮሳት መሆናቸውን እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። የመነኮሳቱን ስም ግን አልጻፈም።

ከዚህ አሮጌ ካርታ ሌላም የሚነበብ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከተፈጥሮ ልኳ እጅግ ገዝፋ የአፍሪካን ሰፊ ክፍል ሸፍና ትታያለች። ይህ የሆነው መነኮሳቱ አገራቸውን ለማግነን ስለ ዋሹ አይደለም። ሌላው የአህጉሩ ክፍል ስለ ራሱ የሚናገርለት ሰው በዚያ ገዳም ስላልነበረው፣ የተናገሩት ሰዎች አገር በዝምተኛው አገር ላይ ተዘረጋ። ያዋጣ ሰው አገሩ ሰፋ፤ ያላዋጣ ሰው አገሩ ጠበበ። ዛሬ ሳይከፈላቸው በገዛ ፈቃዳቸው መንገድ የሚለኩ፣ ወፎችን የሚቆጥሩ፣ የከዋክብትን ሥዕል የሚለዩ ሰዎች በመላው ዓለም በዝተዋል። ጥያቄው ግን ከፍራ ማውሮ ዘመን ጀምሮ ያው ነው። ለዕውቀት የሚያዋጣው ማን ነው? ያላዋጣውስ ስለ ምን ቀረ?

ከዚያ ካርታ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የሆነው ነገር ጥያቄውን ከሌላ ወገን ያሳያል። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮም ከተማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ከሦስት ዓመት በኋላም በጀርመን አገር ወደምትገኘው ወደ ጎታ ተጉዘው፣ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር፣ ቋንቋ፣ ሥርዐተ መንግሥትና ልማድ የጠየቃቸውን ሁሉ በትዕግሥት አስረዱት። ግዕዝ ከሁለቱ መግባቢያ ቋንቋዎች አንዱ ነበረ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1683 የወጣው የኢትዮጵያ ካርታ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽሑፎች ጎን ለጎን በአባ ጎርጎርዮስ ቃል ላይ የቆሙ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ እነዚህን ሥራዎች ለማየት አልታደሉም፤ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ውለታቸውን አልካደም። በመጽሐፉ ስማቸውን እየጠራ መሰከረላቸው፤ ምስላቸውንም አሳተመ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጥናት ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሁለቱም ስም አብሮ ይነሣል። በቬኒስ የሣሉት መነኮሳትና በጎታ ያስረዱት አባ ጎርጎርዮስ የሰጡት ስጦታ አንድ ዓይነት ነው። ከስም የለሽነትና ከዝና መካከል ያለው ልዩነት ተቀባዩ በጻፈው ጥቂት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

እነዚህ የሃይማኖት አባቶች የዕድል አጋጣሚ ከሊቃውንቱ ጋር ያገናኛቸው ናቸው። ሕዝብን በይፋ ጥሪ ለዕውቀት ሥራ ማሰባሰብ ከታየባቸው ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ግን የእንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ የኤድመንድ ሃሌይ ሥራ ነው። በ1715 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በእንግሊዝ አገር ላይ እንደሚያልፍ ሃሌይ አስቀድሞ አስልቶ፣ የጨረቃ ጥላ የሚያልፍበትን መንገድ የሚያሳይ ካርታ በአንድ ገጽ አሳትሞ አሰራጨ። አንዱ ዓላማው ሕዝቡ በቀን ሲጨልም ባየ ጊዜ እንዳይሸበር ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ሰዓት ያለው ሁሉ ጨለማው የቆየበትን ጊዜ ለክቶ እንዲጽፍለት መለመን ነበር።

ቀኑ ደረሰ። በኦክስፎርድ የነበረውን የሃሌይ ባልደረባ ደመና ጋረደው። በካምብሪጅ የነበረው ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ሮጀር ኮትስ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶለት ሳለ፣ በዙሪያው የተሰበሰበው ሰው ብዛት ፋታ ነሥቶት የግርዶሹ መጀመሪያም ሆነ የድቅድቁ ጨለማ ሰዓት ሳይለካው አመለጠው። የሁለቱ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ዐይን እንዲህ ሲደናበር፣ ከየአውራጃው የተላኩት ደብዳቤዎች ግን የጥላውን ዳርቻ አመለከቱ። ሃሌይም በእነርሱ ተመርቶ የቀድሞ ካርታውን አረመ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለሚሆነው ለ1724ቱ ግርዶሽ የተዘጋጀውም ካርታ ከዚህ የተሻለ ዕውቀት ተጠቀመ።

ታዲያ ደብዳቤ የጻፉለት እነማን ነበሩ? በአብዛኛው ካህናት፣ ባለ ርስቶችና የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሰዓት የነበራቸው፣ መጻፍ የሚችሉ፣ በሥራ ቀን ማለዳ ሥራቸውን አቁመው ወደ ሰማይ ለማንጋጠጥ ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ናቸው። በእርሻው መካከል የጨለመበት ገበሬ ግርዶሹን ያየው ከካህኑ እኩል ነበር። ነገር ግን ያየው ነገር ወደ ሃሌይ መዝገብ የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። ማየት ለሁሉም የተሰጠ ሲሆን፣ ያዩትን ማዋጣት ግን መሣሪያ፣ ፊደልና ትርፍ ጊዜ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት ሲያልፍ መሣሪያው ተለዋወጠ እንጂ ይህ እውነት አልተለወጠም።

ከልመና ወደ ልውውጥ የተሸጋገረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ማቲው ሞሪ ነው። ሞሪ ከ1842 ጀምሮ በዋሽንግተን የባሕር ኃይሉ የካርታና የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ነበረ። በዚያም ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥራቸው የተከማቹ አሮጌ የመርከብ ጉዞ መዝገቦች አገኘ። ከእነርሱም ነፋስ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነፍስ፣ የባሕሩ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ እየለቀመ በ1847 የመጀመሪያውን የነፋስና የባሕር ጅረት ካርታ አወጣ። ከዚያ በኋላ የጉዞ መዝገቡን በተሰጠው ቅጽ ሞልቶ ለሚልክ የመርከብ አዛዥ ሁሉ ካርታው በነጻ እንዲሰጠው አደረገ። የንግድ መርከብ አዛዡም፣ የዓሣ ነባሪ አዳኙም መዝገቡን መላክ ጀመረ፤ ምክንያቱም ካርታው ጉዞውን ያሳጥርለት ነበር። በ1853 ደግሞ በብራስልስ በተደረገ ጉባኤ የበርካታ አገሮች ተወካዮች መርከቦቻቸው በአንድ ዓይነት ሥርዐት እንዲመዘግቡ ተስማሙ።

ሞሪ ያገኘው ብልሃት ቀላል ቢመስልም ጥልቅ ነው። ሰው የሰጠው ዕውቀት ተሻሽሎ ወደ ራሱ የሚመለስለት ከሆነ መስጠቱን አያቋርጥም። ይሁንና በመዝገቡ ራስጌ ላይ የሚሰፍረው የአዛዡ ስም ነበር። ገመድ ወደ ባሕር ጥሎ የመርከቢቱን ፍጥነት የሚለካው፣ ሌሊቱን ተራ ቆሞ የነፋሱን ጠባይ የሚያጤነው መርከበኛ በሞሪ ካርታዎች ውስጥ ድካሙ እንጂ ስሙ የለም።

አዋጪዎቹን ከመኮንንነትና ከባለ ርስትነት ደረጃ አውርዶ ወደ መንደር ልጆች ያደረሰው ሥራ የተፈጸመው በሃያኛው ምዕተ ዓመት ነው። በ1930 በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር የነበረው ዳድሊ ስታምፕ፣ የብሪታንያ መሬት እያንዳንዱ ቁራጭ ለምን ተግባር እንደሚውል ለመመዝገብ ተነሣ። ይህን ያህል ሥራ በደመወዝ የሚያሠራበት ገንዘብ አልነበረውም። አገሩ ግን በትምህርት ቤቶች የተሞላ ነበረ። ስለሆነም መምህራን ተማሪዎቻቸውን አስከትለው፣ የየቀበሌያቸውን ካርታ በእጃቸው ይዘው ከማሳ ወደ ማሳ ተጓዙ። ይህ እርሻ ነው፤ ይህ ግጦሽ ነው፤ ይህ ደን ነው፤ ይህ አትክልት ነው፤ ይህ ጠፍ ነው እያሉ በየቦታው ምልክት አኖሩ። በዚህ ሥራ ሩብ ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች እንደ ተካፈሉ ይነገራል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳና በመርከብ የሚገባው እህል በጠላት ሲሰጋ፣ የትኛው ግጦሽ ቢታረስ እንደሚያዋጣ መለየት ለአገሪቱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በዚያን ጊዜ ለግብርና ዕቅድ ካገለገሉት ሰነዶች መካከል ልጆች በእግራቸው እየዞሩ የሠሩት ይህ ካርታ ይገኝበታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው። ነገር ግን ሎሚውን የሚያከፋፍል አንድ ሰው ያስፈልጋል። በስታምፕ ሥራ ውስጥ ያ ሰው የገጠር መምህር ነበረ። የካርታውን ፊደል ለልጆቹ ያስነበበ፣ ስሕተታቸውን ያረመ፣ የጨረሱትን ሰብስቦ ወደ ለንደን የላከ እርሱ ነው።

ኮምፒዩተርና ሳተላይት በየሰው እጅ ከገቡ ወዲህ ደግሞ ጥሪው ድንበር አጣ። በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ ወጣት በለንደን ተማሪ ሳለ ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለውን የዓለም ካርታ መሠረተ። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱን የካርታ መረጃ ለመጠቀም ብዙ ገንዘብ ይከፈል ነበር። አዲሱ ካርታ ግን ማንም የሚያውቀውን መንገድ የሚጨምርበት፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚገለገልበት ሆነ። በ2007 ደግሞ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የጋላክሲ ሥዕል በቅርጽ በቅርጹ እንዲለይላቸው ጋላክሲ ዙ በተባለ ፕሮጀክት ሕዝቡን ጠየቁ። በመጀመሪያው ዓመት 150 ሺህ ያህል ሰዎች 50 ሚሊዮን የሚደርስ ፍርድ ሰጡ። ከእነርሱ አንዷ የሆነችው ኔዘርላንዳዊቷ የትምህርት ቤት መምህርት ሃኒ ፋን አርከል ሊቃውንቱ ያላስተዋሉትን እንግዳ የብርሃን ደመና አይታ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ግኝቱም በስሟ ተጠራ። አባ ጎርጎርዮስ ከሉዶልፍ ያገኙትን ክብር እርሷም አገኘች ማለት ነው።

በሩ ለሁሉ ተከፈተ ሲባል ግን ሁሉም ገባ ማለት አይደለም። በኦፕን ስትሪት ማፕ የተመዘገቡት ሰዎች ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቢሆኑም አንዲት መስመር እንኳ የጨመሩት ከእነርሱ ጥቂቱ ናቸው። ከጨመሩትም ውስጥ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት እጅግ ያነሱ ታታሪዎች ናቸው። በ2010 ይፋ በሆነ ጥናት መጠይቁን ከመለሱት የካርታው አዋጪዎች ውስጥ 96 ከመቶው ወንዶች ሆነው ተገኙ፤ ብዙዎቹም ከፍተኛ ትምህርት የቀሰሙ ነበሩ። በዚህ ረገድ ለሃሌይ ደብዳቤ ከጻፉለት ባለ ሰዓቶች ብዙም አይርቁም።

ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታልፎ በተሄደ ነበር። ዳሩ ግን አዋጪው ማን እንደሆነ በካርታው ላይ ምን እንደሚታይ ይወስናል። በ2011 የሕፃናት ማቆያ ቦታዎች በካርታው ላይ የራሳቸው መለያ እንዲኖራቸው ሐሳብ ቀርቦ በድምፅ ሳያልፍ ቀረ። በአንጻሩ መጠጥ ቤቶችና የሌሊት መዝናኛዎች በየዓይነታቸው ተለይተው መጠሪያ ነበራቸው። ድምፅ የሰጡት ሰዎች በእናቶች ላይ ክፉ አስበው ነው ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም። ሕፃን አዝሎ ማቆያ ፍለጋ የሚንከራተት ሰው ግን በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። ሰው የሚፈልገውን ያያል፤ ያየውንም ይሥላል። መለያው ከጊዜ በኋላ በጥቅም ላይ ቢውልም፣ በቬኒሱ ካርታ ላይ ዝምተኛውን አገር ያጠበበው ሕግ እዚህም መሥራቱን ታሪኩ ይመሰክራል።

የርቀት አዋጪና የቦታው ነዋሪ የሚለያዩበትን ነጥብ ቁልጭ አድርጎ ያሳየው የሄይቲ መከራ ነው። በጥር ወር 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ፖርቶ ፕሬንስን ባፈራረሳት ጊዜ ለዕርዳታ ሠራተኞች የሚያገለግል ዝርዝር ካርታ አልነበረም። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ፈቃደኞች የሳተላይትና የአውሮፕላን ፎቶግራፎችን እየተመለከቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የከተማዋን መንገዶች ሥለው አቀረቡ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም ከፍርስራሹ መካከል በስልክ የሚላከው የድረሱልን ጥሪ የሚጻፈው በክሬዮል ቋንቋ ነበር። መልእክቱን የተረጎሙት፣ የተጠራው ሰፈር የት እንደሚገኝም ያመለከቱት በውጭ አገር ተበትነው የሚኖሩ የሄይቲ ልጆች ናቸው። ፎቶግራፍ ጣሪያን ያሳያል፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ወፍጮ ቤት ይሁን ክሊኒክ አይናገርም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከምንጩ ዝቅ ብሎ» ተብሎ የሚነገር አድራሻ ከሰማይ አይነበብም። ያን የሚያውቀው በመንገዱ የሄደበት ነው።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው የአበው ብሂል በተግባር የታየው ደግሞ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በጎረቤት አገር በኬንያ ነው። በናይሮቢ ከተማ የሚገኘው ኪቤራ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተጨናንቆ የሚኖርበት ሰፈር ሆኖ ሳለ በካርታ ላይ ባዶ ቦታ ነበረ። በ2009 ከየመንደሩ የተውጣጡ 13 ወጣቶች የአቅጣጫ መለኪያ መሣሪያ አጠቃቀም ተምረው ሰፈራቸውን በእግራቸው አካልለው ሣሉ። የውሃ መቅጃውን፣ መጸዳጃውን፣ ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የጸሎት ቤቱን በየቦታው አኖሩ። በታንዛኒያም ከ2015 ጀምሮ የዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የየሰፈሩ ነዋሪዎች በጎርፍ የሚጠቁትን የከተማዋን ክፍሎች ራማኒ ሁሪያ በተባለው ሥራ መዝግበዋል። ጎርፉ የትኛው ጉድጓድ ሞልቶ ወደየትኛው ደጃፍ እንደሚገባ ከነዋሪው የተሻለ ምስክር አልተገኘም።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ሥራዎች አንድ አዲስ ጥያቄ ተወለደ። በለንደን ተቀምጦ ማታ ማታ ካርታ የሚሥል ሰው የሚያዋጣው የተረፈውን ጊዜ ነው። የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ የሚያገኘው የኪቤራ ወጣት ግን ሲያዋጣ የሚሰጠው ከእንጀራው ቆርሶ ነው። ሁለቱንም በአንድ ስም «በጎ ፈቃደኛ» ብሎ መጥራት ልዩነቱን ይሸፍናል። ድኻ በነጻ እንዲሠራ እየጠየቁ በሥራው ሌላው ሲጠቀም ዝም ማለት፣ ምንም ያህል በዕውቀት ስም ቢጠራ፣ ከጥንቱ የጉልበት ግብር የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ የምሳ፣ የመጓጓዣና የድካም ዋጋ መክፈል የፈቃደኝነትን ክብር አይቀንስም። እንዲያውም ትርፍ ጊዜ የሌለው ሰው ወደ ካርታው እንዲገባ በሩን ይከፍታል።

እንግዲህ ከፍራ ማውሮ እስከ ኪቤራ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያስተምራል። በካርታ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታይ ስፍራ ሰው የሌለበት ወይም ዕውቀት የሌለበት ስፍራ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። የዚያን ስፍራ ሰው የሚጠይቀው፣ በቋንቋው የሚያነጋግረው፣ መሣሪያውን የሚያውሰው አልተገኘም ማለት ነው። ስለሆነም አንድ ካርታ ወይም አንድ ጥናት የሕዝብ ሥራ ነው ተብሎ ሲቀርብ ሊጠየቅ የሚገባው መጠኑ ወይም ውበቱ ብቻ አይደለም። ውሃ የምትቀዳው ሴት በአዋጪዎቹ መካከል ነበረችን? ያዋጡት ሰዎች ስም ተጽፏልን? የተጠናቀቀው ሥራስ፣ ሞሪ ለመርከበኞቹ እንዳደረገው፣ ተመልሶ በእጃቸው ገብቷልን?

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣ መምህር ወይም ሠራተኛ በሚኖርበት ቀበሌ የሚሠራው ካርታ ምናልባት ዘግይቶ ይጠናቀቅ ይሆናል። ነገር ግን የወፍጮ ቤቱንም፣ የምንጩንም፣ የሕፃናት ማቆያውንም ስም ይዞ ይወጣል። ከግርጌው ደግሞ በገዛ እጃቸው የሣሉት ሰዎች ስም ይነበባል።